ወንድሜ «አንጀቱ አንጀቱ ውስጥ ገብቷል» ተባለ፤ የግድ መቀደድ አለበት?

የሹፌሩ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ 41 ዓመቱ ነው። አይሱዙ ይነዳል። ከሰባት ወር ወዲህ ሆዱን ይቆርጠዋል። ሲነሳበት መኪናውን ዳር ያቆምና መሪው ላይ ይደፋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቀዋል። ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ሞተር አስነስቶ ይሄዳል። ረዳቱ ነው የነገረን እንጂ እሱማ ትንፍሽ አላለም።

መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፣ ኦሜፕራዞል ዋጠ። ቀጥሎ ኤች ፓይሎሪ ተገኘብህ ተባለና የሁለት ሳምንት መድኃኒት ጨረሰ። ከዚያ አሜባ። ከዚያ ታይፎይድ። እማዬ በርበሬ ከለከለችው፣ ቡና ከለከለችው፣ ተልባ ብቻ ቀረለት። እሱ ግን እየከሳ ሄደ። ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል።

በቀደም ማስመለስ ጀመረ። አንዲት ወጣት ሐኪም አስተኝታ ሆዱን ስትዳብሰው በቀኝ በኩል እጇ ቆም አለ። «ይሄ ነገር ሁልጊዜ አለ?» አለችው። አልትራሳውንድ አዘዘች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ለሲቲ ስካን ላከችን። ወረቀቱ «ኢሊዮኮሊክ ኢንተስሰፕሽን» ይላል፤ የቀጭኑ አንጀት ጫፍ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ጫፉ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስብ የሚመስል እብጠት። ሰርጅኑ የቀኝ በኩሉን ትልቅ አንጀት ቆርጠን እናወጣለን አለን።

እኛ ቤት አሁን ጦርነት ነው። አክስቴ የጎረቤት ሕፃን ይሄው በሽታ ይዞት በመቀመጫው አየር ተነፍቶለት በዚያው ቀን ቤቱ ገባ ትላለች። አጎቴ ደግሞ ሆድ የሚያሽ ወጌሻ አገኘሁ ብሎ ስልኩን ይዞ ይዞራል። ወንድሜ ራሱ ዛሬ አላመመኝም፣ ስለዚህ ተመልሷል ይላል።

ጥያቄዬ፦ ሕፃኑ ያለ ኦፕራሲዮን ከዳነ ትልቅ ሰው ለምን አይድንም? ስብ ከሆነስ ለምን አንጀቱ ይቆረጣል? ሽንቱንም ሰገራውንም በከረጢት ነው የሚኖረው የሚልም አለ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።


ጓንት ሰባት ተኩል

እህቴ፣ አይዞሽ። ቀዶ ሐኪም ነኝ። ወንድምሽን አላየሁትም፣ ስለዚህ ስለ በሽታው ነው የማወራው፤ የእሱን የሚወስነው የያዘው ሐኪም ነው።

አስቀድሜ፦ ወጌሻው አይንካው። ይህን ለአጎትሽ ዛሬውኑ ንገሪልኝ። አንጀቱ ደም አጥቶ ሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ በእጅ ሲታሽ ቢበሳ ሰገራ ሆድ ውስጥ ይፈሳል። የታሸ ሆድ ከፍቼ አይቻለሁ፣ ደግሜ ማየት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሹራብ ስታወልቂ እጅጌው ወደ ውስጥ ተገልብጦ ይገባ የለም? ነገሩ እንደዚያ ነው። አንጀት ቀኑን ሙሉ ምግብ ወደ ታች ይገፋል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ እብጠት ካለ አንጀቱ ምግብ ይመስለውና ይገፋዋል። እብጠቱ ደግሞ የበቀለበትን ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። በግ ሲታረድ አንጀቱን ከጀርባው ጋር የሚያያይዘውን፣ ስብ የለበሰ ስስ መጋረጃ አይታችሁታል፤ የደም ስሮቹ የሚያልፉት በዚያ ውስጥ ነው። እሱም አብሮ ይጎተታል። መጀመሪያ ደም መላሾቹ ይታነቃሉ፣ አንጀቱ ያብጣል። ቆይቶ ደም የሚያመጡትም ይዘጋሉ፣ ያኔ አንጀቱ ይጠቁራል፣ ይሞታል። የወንድምሽ ቁርጠት መጣ ሄደ የሚለው ገብቶ ስለሚወጣ ነው። ዛሬ አለማመሙ ዛሬ ላልቷል ማለት እንጂ እብጠቱ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

ሕፃንና ትልቅ ሰው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከ10 ሕፃናት 9ኙ ላይ የሚጎትት ነገር አይገኝም። ብዙ ጊዜ ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ በኋላ አንጀት ውስጥ ያሉ ንፍፊቶች አብጠው ነው የሚባለው። ስለዚህ በአየር ወይም በፈሳሽ ገፍተሽ ከመለስሽው አለቀ። የአክስትሽ ታሪክ እውነት ነው፣ ቂም አትያዢባት። ትልቅ ሰው ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አብዛኛው ላይ፣ ከ10 ሰው እስከ 9 በሚደርሰው ላይ ማለት ነው፣ አንድ የሚጎትት ነገር አለ። በአየር ብትገፊው ጎታቹ እዚያው ቁጭ ብሏል። ነገ ይጎትታል። ለዚህ ነው ትልቅ ሰው ላይ ጥያቄው «እንዴት ላውጣው» ሳይሆን «ምንድን ነው የጎተተው» የሚሆነው።

ጎታቹ ቀጭን አንጀት ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ፖሊፕ (ከግድግዳው የበቀለ ሥጋ)፣ የስብ እብጠት (ሊፖማ)፣ ከቀድሞ ኦፕራሲዮን የቀረ መጣበቅ፣ ከተፈጥሮ የቀረ ትንሽ ኪስ ይሆናል። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) ወይም ከሌላ ቦታ የተዛመተ ካንሰርም ይገኛል፣ ግን ያንሳል። ትልቁ አንጀት ውስጥ ከሆነ ግን ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ካንሰር ነው። ስለዚህ ትልቁ አንጀት ላይ ስንደርስ አንጎትትም፣ አንጨምቅም፣ እንደተጠቀለለ እንቆርጣለን። ካንሰር ከሆነ በእጃችን ስናሸው ሴሎቹን ወደ ደም ስርና ወደ ሆድ ልንበትን እንችላለን። ያበጠ አንጀት ሲጎተት ደግሞ ይቀደዳል። ቢመለስ እንኳ ያ ያበጠ አንጀት ለስፌት አያመችም።

«ስብ ከሆነስ» ላልሽው፣ ሲቲ ላይ ስብ ራሱን አይደብቅም፣ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሊፖማ ነው ካሉ ደስ ይበልሽ፣ የመሆን ዕድሉ ጥሩ ነው። ግን ሲጎተት የከረመ ሊፖማ ጫፉ ይቆስላል፣ ደም ይቋጥራል፣ መልኩ ይቀየራል። በኮሎኖስኮፒ፣ በመቀመጫ በሚገባ ካሜራ፣ ቆርጦ ማውጣትስ የሚል ይኖራል፤ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ያውም የአንጀቱ ግድግዳ አብሮ ተስቦ የገባበት፣ በሽቦ ታንቆ ሲቆረጥ መብሳት አለ። አንዳንድ ሰርጅን ሊፖማ መሆኑን እርግጠኛ ከሆነና አንጀቱ ለስላሳ ሆኖ በቀላሉ ከወጣለት አውጥቶ ትንሽ ብቻ ይቆርጣል። ይህን ጠይቂው። «ገብቼ አይቼ እወስናለሁ» ቢልሽ ሸሸኝ ብለሽ አትቀየሚው፣ እኔም እንደዚያ ነው የምለው።

የሚወጣው ግማሽ አንጀቱ አይደለም። የቀጭን አንጀት ጫፍ ትንሽ፣ ትርፍ አንጀት፣ የትልቁ አንጀት መነሻና በቀኝ ወደ ላይ የሚወጣው ክፍል ነው። ቀጭን አንጀት ብቻውን ስድስት ሜትር አካባቢ ነው፣ አይጎድልበትም። የቀረው እዚያው ይገጣጠማል። የመጀመሪያ ሳምንታት ሰገራው ይላላል፣ ከዚያ ብዙ ሰው ይለምደዋል። ከረጢት በዚህ ኦፕራሲዮን የተለመደ አይደለም። የሚመጣው አንጀቱ ሞቶ ወይም ተበስቶ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ስፌት የማይይዝ ሲሆን ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ለጊዜው። ሽንት ደግሞ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ያን ያለሽን ሰው ተይው።

አረንጓዴ ማስመለስ ከጀመረ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ፈስም ሰገራም ከቆመ፣ ሕመሙ መምጣት መሄዱን ትቶ አንድ ቦታ ላይ ከተተከለ፣ ወይ ትኩሳት ካመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሂጂ። ምንም አታብዪው፣ አታጠጪው።


ማርያም የሳመቻት

እህቴ የኔን ላውራሽ፣ ምናልባት ልብሽን ያሳርፈዋል።

27 ዓመቴ ነበር። ዱባይ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ቁርጠቱ ሲመጣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ጉልበቴን ታቅፌ እተኛለሁ፣ ሲለቀኝ ተነስቼ ሩዝ አበስላለሁ። ማዳም «ወር አበባ ነው» ትላለች። ሁለት ዓመት እንደዚህ ሄደ። አገሬ ገብቼ በሦስተኛው ወር አንጀቴ ተዘጋ። በአፍንጫዬ ቱቦ ገባ፣ አረንጓዴ ውሃ ይወርዳል፣ አስታውሳለሁ ጎድጓዳው ዕቃ ሲሞላ ነርሷ ወሰደችው፣ ሌላ አመጣች፣ እሱም ሞላ።

ሰርጅኑ ስካኑን ከማየቱ በፊት ፊቴን አየ። «እነዚህ ከንፈርሽ ላይ ያሉት ከመቼ ጀምሮ ናቸው?» አለኝ። ከንፈሬ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። እናቴ ማርያም ስማሽ ነው ትለኝ ነበር። አፌን አስከፍቶ በባትሪ ጉንጬን ከውስጥ አየ፣ እዚያም አለ። ከዚያ ለተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላቸው፣ ሁሉም እየመጡ ከንፈሬን አዩኝ። ፒውትዝ ጄገርስ ይባላል። በዘር የሚመጣ ነው፣ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ ያበቅላል፣ ፖሊፑ ነው አንጀቱን የሚጎትተው።

የኔ ቀጭን አንጀት ላይ ስለነበረና የተጠቀለለው አንጀት ደሙ ስላልጠፋ ሰርጅኑ ቀስ ብሎ አወጣው፣ ፖሊፑ ያለበትን ትንሽ ብቻ ቆርጦ ገጠመው። ዶክተር ከላይ ያሉት ልዩነት ይሄ ነው መሰለኝ። ሁሉም አይቆረጥም፣ ሁሉም አይመለስም።

አሁን በየጊዜው እታያለሁ፣ ምክንያቱም ፖሊፑ ዳግም ይበቅላል፣ ካንሰር የመምጣት ዕድሉም ከሌላው ሰው ይበልጣል። ልጅ ወልጃለሁ። ልጄ ከንፈሯ ላይ ሦስት ነጥብ አላት። እናቴ ማርያም ስማታለች ስትል እኔ ዝም እላለሁ፣ ሐኪሟ ግን ያውቃል።


ጥቁርና ነጭ

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ስካን ማንበብ ነው እንጀራዬ። እዚህ ክር ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ኢንተስሰፕሽን ካለ መቀደድ ነው» ብሎ እንዳይሄድ አንድ ነገር ልጨምር።

በየወሩ ማለት ይቻላል፣ ለኩላሊት ጠጠር ወይም ለመኪና አደጋ የመጣ ሰው ሲቲ ላይ ቀጭን አንጀቱ ትንሽ ገብቶ አገኛለሁ። ሰውየው ሆዱን አላመመውም። ርዝመቱ ከ3.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ከበላዩ ያለው አንጀት ያልተነፋ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ለቅጽበት የገባ ነው። ሰውየው ከአልጋው ሳይወርድ ተመልሶ ይሆናል። ያን ሰው ሰርጅን ጋ መላክ እሱን ማስደንገጥ ነው። አንዳንዱ ላይ ስንዴ የማይስማማው የአንጀት በሽታ፣ ሲሊያክ የሚባለው፣ ከኋላው ይገኛል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ያን ሊመረምር ይችላል። ቢላ ግን አያስፈልግም።

የወንድምሽ ግን እንደዚያ አይደለም እህቴ። 9 ሳንቲ ሜትር፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ የገባ፣ ጫፉ ላይ እብጠት ያለው፣ ሰባት ወር ያመመው፣ የከሳ። ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጠቁሙት።

ሲቲ ላይ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለግሽ ቀይ ሽንኩርት አግድም ቁረጪ። ቀለበት በቀለበት ውስጥ። መሃሉ ላይ ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ስብ አለ፤ ያ አብሮ የተጎተተው መጋረጃ ነው፣ ውስጡ ነጭ ነጥብ ሆነው የደም ስሮቹ ይታያሉ። አንጀት ውስጥ የደም ስር ምን ይሠራል? ያንን ካየሁ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። በቁመቱ ከታየ ደግሞ ቋሊማ ነው። አልትራሳውንድም ያንኑ ሽንኩርት ያሳያል፣ ግን በያዘው ሰው እጅ ይወሰናል፣ ሆዱ በጋዝ ከተሞላ ደግሞ ምንም አያሳይም። ያቺ ወጣት ሐኪም በእጇ ዳብሳ ማግኘቷ ነው የገረመኝ። ትልቅ ሰው ላይ የሚዳበስ እብጠት ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ እንደ ሕፃናት ማርማላታ የመሰለ ደም ያለው ሰገራም ብርቅ ነው። ሰባት ወር የተንከራተተው ለዚህ ነው።

ሌላ፣ እዚህ አሜሪካ የሚያነቡ ካሉ፦ ለውፍረት የጨጓራ ባይፓስ ያሠራችሁ፣ ከዓመታት በኋላ እንዲህ ያለ ቁርጠት ቢመጣባችሁ ለድንገተኛ ክፍሉ ሰው ባይፓሱን መንገር እንዳትረሱ። አንጀቱ የተገጠመበት ቦታ ላይ ወደ ኋላ ሊገባ ይችላል። እሱ ላይ ጎታች እብጠት ላይኖርም ይችላል፣ የተለየ ጉዳይ ነው።


እውነቱ ይውጣ

ይቅርታ ግን ዘንድሮ ሐኪም ቤት ገብቶ ሳይቀደድ የሚወጣ ጠፋ እኮ። ስካኑ ብር፣ አልጋው ብር፣ ኦፕራሲዮኑ ብር። ሰውየው ራሱ ዛሬ አላመመኝም እያለ ምን አስቸኮላቸው? ጸበል ይጠመቅ፣ ወር ይታገስ፣ ከዚያ ድጋሚ ስካን ይነሳ። የኔ አባት አንጀትህ ታጥፏል ተብሎ በጎማ ተነፍቶለት ነው የዳነው፣ ቢላ አልነካውም።


ጓንት ሰባት ተኩል

ወንድሜ፣ የብሩን ነገር አልከራከርህም፣ እውነት አለህ። የአባትህ ግን ሌላ በሽታ ነው። የታችኛው ትልቅ አንጀት እንደ ገመድ ሲጠማዘዝ በመቀመጫ ቱቦ አስገብቶ መፍታት ይቻላል፣ ብዙ ሰውም በዚያ ይተነፍሳል፤ ግን ስለሚመለስ አባትህ ክትትል ላይ ካልሆኑ ንገራቸው። ችግሩ እኛ አገር የተጠማዘዘውንም፣ የተጣበቀውንም፣ በቡአ (ሄርኒያ) ታንቆ የቀረውንም፣ ውስጥ ለውስጥ የገባውንም «አንጀት መታጠፍ» በሚል አንድ ስም ነው የምንጠራው። ስሙ አንድ፣ ሕክምናው አራት።

ወር ይታገስ ላልከው፣ ከሞተ አንጀት ጋር መሥራትና ከሕያው አንጀት ጋር መሥራት ሰማይና ምድር ነው። አሁን በቀን፣ ደሙ ተዘጋጅቶ፣ ሆዱ ሳይነፋ ቢገባ አንድ ነገር ነው። በሌሊት ተበስቶ ቢመጣ ሌላ ነው። ከረጢቱም የሚመጣው ያኔ ነው። ጸበሉን አልከለክልም፣ የኔም እናት ትረጨኛለች። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ቀናት ይጠመቅ፣ ብቻ ጾም ብሎ ደርቆ አይምጣብን።

በነገራችን ላይ ይሄን በሽታ በእጅ መመለስ የድሮ ነገር ነው። ጆናታን ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1871 የአንዲት ሕፃን ሆድ ከፍቶ አንጀቷን በጣቶቹ መልሶ አድኗታል። ሕፃን ነበረች፣ ሕፃን ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎታች የለም።


የሹፌሩ እህት

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም። መልሳችሁን አትሜ ለቤተሰቡ አነበብኩላቸው። የሹራቡ ነገር ሲደርስ እማዬ ተነስታ ጋቢዋን ትታ የራሷን ሹራብ አወለቀች፣ እጅጌውን አየችው፣ ከዚያ «ይቀደድ» አለች። አጎቴ ወጌሻውን ትቶታል።

ማክሰኞ ገባ። ሦስት ሰዓት ተኩል ቆየ። ሰርጅኑ ወጥቶ አንጀቱ ቀይ ነበር ግን አልሞተም አለን፣ ሳይጎትቱ እንዳለ ቆርጠው ገጥመውታል። ከረጢት የለም። ያወጡትን በሳህን ሊያሳየን ፈለገ። እኔ አይኔን ጨፈንኩ፣ እማዬ ግን አየችው። የዶሮ እንቁላል የሚያህል ቢጫ ነገር፣ ጫፉ ጠቁሯል አለች። «ይሄ ነው ልጄን ሰባት ወር ተልባ ያስጠጣብኝ?» ብላ ተሳደበች።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ፈስ መጠበቅ ሆነ። ዶክተሮቹ በየጠዋቱ እየመጡ «ፈስ ወጣ?» ይሉታል። ወንድሜ ያፍራል፣ ጣሪያ ያያል። በሁለተኛው ቀን አስነስተው ኮሪደር ላይ አስኬዱት፣ ውሃ በትንሹ ጀመረ። ትናንት ሌሊት በአሥር ሰዓት አካባቢ እየተኛሁ በእግሩ ነካ አደረገኝና «ወጣ» አለኝ። አጠገቡ ያሉት አዛውንት ታካሚ ነቅተው ኖሯል፣ «እልል በሉ እንጂ» አሉን።

የፓቶሎጂ ውጤቱ፣ ያወጡት ነገር ተመርምሮ የሚመጣው፣ ገና ነው። ምን ያህል ይቆያል? ደግሞ ቤት ከገባ በኋላ ምን ላይ ልጠንቀቅ? መቼ ነው የሚነዳው? ከአሁኑ መኪናዬን ማን ያዘው እያለ ነው።


ጓንት ሰባት ተኩል

እንኳን ማርያም ማረችው! የእናትሽን ሹራብ ለተማሪዎቼ ልነግራቸው ነው።

ፓቶሎጂው እንደ ላቦራቶሪው ይለያያል፣ አንድም ሁለትም ሳምንት ይፈጃል። ወረቀቱን እጅሽ ሳታስገቢ አትቅሪ፣ ቢጫ ስለሆነ ሊፖማ ነው ብላችሁ አትተዉት። ዋናው ኦፕራሲዮን አልቋል፣ ግን የስፌቱ ፈተና የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ከፈጠነ፣ እየተሻለው የነበረ ሆድ እንደገና ካመመው፣ ለነርስ ወዲያው ተናገሪ፣ «ዶክተሩ ጠዋት ይመጣል» ብለሽ አትጠብቂ። ሰገራው ውሃ ሲሆን አትደንግጪ። እግሩን ያንቀሳቅስ፣ አልጋ ላይ አይክረም።

መንዳትን በተመለከተ፣ የሚነዳው መኪና ብቻ አይደለም፣ ጭነትም አለበት። ሆዱ ተከፍቶ ከሆነ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አያንሳ፣ ጎማ አይፍታ። የፍሬኑን ፔዳል በድንገት ረግጦ ሆዱን ካላመመው ያኔ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። እስከዚያ ረዳቱ ይንዳ።


የሹፌሩ እህት

ረዳቱ መንጃ ፈቃድ የለውም ዶክተር፣ ይሄን ለወንድሜ አይንገሩብኝ። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።